ኮንትሮባንዲስቱን ሥራ ያስፈታው እንቁላል

በምዕራብ ጀርመን ሐም በምትባል ከተማ በዓመት ጥቂት ጊዜ አንድ ለየት ያለ ገበያ ይቆማል። የሚሸጠው እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት ነው። ሰው ከመላው አውሮፓ ይጎርፋል። ከጠረጴዛዎቹ ላይ ፈጽሞ የማይጠፋ አንድ እንስሳ አለ። አንገቱ ሥር ጺም የመሰለ እሾሃማ ቆዳ የያዘ፣ አሸዋ የመሰለ መልክ ያለው እንሽላሊት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ቢርድድ ድራገን» ይሉታል። በአማርኛ ጺማሙ እንሽላሊት ቢባል ያስኬዳል። ግልገሉ በጥቂት አሥር ዩሮዎች ይገዛል።

ነገሩ የሚገርመው የትውልድ ሀገሩ ሲታወቅ ነው። ጺማሙ እንሽላሊት የአውስትራሊያ ነው፤ የመሃልና የምሥራቅ አውስትራሊያ ደረቅ ምድር ልጅ። አውስትራሊያ ደግሞ የዱር እንስሶቿ ከነሕይወታቸው ለንግድ ከሀገር እንዲወጡ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አትፈቅድም (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ይህን የሚተላለፍ ሰው እስከ 10 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ታዲያ ሐም ላይ በየጠረጴዛው የተደረደረው ከየት መጣ? መልሱን አርቢዎቹም አይደብቁትም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጥቂት እንስሳት በድብቅ አውሮፓ ገቡ፤ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዛሬ በሁለቱ አህጉራት ሳሎን ውስጥ የሚኖረው ከሞላ ጎደል ሁሉም የዘር ሐረጉ ቢቆጠር በሻንጣ ተደብቀው ከወጡት ከእነዚያ ጥቂቶች ላይ ይደርሳል።

ዛሬ ግን ይህ እንስሳ የኮንትሮባንዲስቶች ዋነኛ ዒላማ አይደለም። የአውስትራሊያ ጉምሩክና ፖስታ ቤት በኤክስሬይ የሚይዛቸው እሽጎች አሉ፤ እግራቸው በፕላስተር ተጠፍሮ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልለው፣ በሩዝ ማብሰያና በልጆች መጫወቻ ሆድ ተደብቀው ወደ እስያ የሚላኩ እንሽላሊቶች ይገኙባቸዋል። በብዛት ከሚያዙት ግን ጺማሙ ግንባር ቀደም አይደለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ድንበሩም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው እንቁላሉ ላይ ነው።

እንስሳው ለቤት የተፈጠረ ይመስላል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ቀን ነቅቶ ይውላል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ቅጠልም ነፍሳትም ይበላል፣ ሰው ሲይዘው እምብዛም አይናከስም። ሲቆጣ ጺሙን ነፍቶ ያጠቁረዋል። ደካማው ከጉልበተኛው ፊት ሲቆም አንድ እጁን አንስቶ በዝግታ ያወዛውዛል። ለሚያየው ሰው ሰላምታ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ተሸንፌያለሁ» ነው።

እርባታው የሚጀምረው በብርድ ነው። አርቢው ለጥቂት ሳምንታት መብራቱንና ሙቀቱን ይቀንሳል፤ እንስሳቱ እንደ ሀገራቸው ክረምት ያንቀላፋሉ። ሙቀቱ ሲመለስ የወንዱ ጺም ይጠቁራል፣ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀ እንስቷን ያሳድዳል፣ አንገቷን ነክሶ ይይዛል። ከአንድ ወር በኋላ ገደማ በሆዷ ግራና ቀኝ እንደ ወይን ዘለላ የሚዳሰስ ነገር ይታያል። ጠንቃቃ አርቢ ዓመት ተኩል ያልሞላትን እንስት ከወንድ ጋር አያገናኝም። ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልገው ካልሲየም በምግቧ ካልተገኘ ከራሷ አጥንት ስለሚመዘዝ፣ ያልጠናች እናት በወሊዱ ትደቃለች።

ከዚያ መቆፈር ትጀምራለች። ይህን ያላየ ሰው ሊታመን የሚከብደው ይመስላል። ምግብ ትታ፣ መስተዋቱን እየቧጠጠች፣ ጥግ ለጥግ እየዞረች መሬት ትፈልጋለች። እርጥብ አሸዋና አፈር የሞላ ጥልቅ ሣጥን ካገኘች ሰውነቷ እስኪሸፈን ትቆፍራለች፣ ትጥላለች፣ አፈሩን በራሷ እየደለደለች ትደፍናለች፣ ከዚያም ዘወር ብላ አታይም። የሚመች መሬት ካጣች እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ይዛ ትቆያለች፤ በዚህም የሚሞቱ አሉ። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያዋን እንስት የሚያጣው በዚህ ነው፤ አንድ ባልዲ አፈር ባለማዘጋጀት።

እንቁላሉ ነጭና ለስላሳ ቆዳ ያለው ነው። እንደ ዶሮ እንቁላል ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ዶሮ ያረባ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን እዚህ ላይ የሚያውቀውን ቢተው ይሻለዋል። ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላሏን በየጊዜው ታገላብጣለች፤ የመፈልፈያ ማሽንም የሚሠራው ያንኑ ነው። የእንሽላሊት እንቁላል ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ሽል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አርቢው እንቁላሎቹን ከአፈሩ ሲያወጣ በእርሳስ አናታቸው ላይ ምልክት ያደርጋል። ያ ምልክት እስከሚፈለፈሉበት ቀን ወደ ላይ ያያል።

ሣጥኑ ማንም ቤት የሚገኝ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። በውስጡ ቨርሚኩላይት የሚባል፣ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች የሚያውቁት ውኃ የሚይዝ ማዕድን ይደረጋል። ውኃው ከቨርሚኩላይቱ ክብደት ጋር ተመጣጥኖ ይጨመራል። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ እንቁላሉ ይታፈናል፣ ከዚያ በታች ከሆነ እንቁላሉ ይሟሽሻል፤ እንቁላሉ ከዙሪያው ውኃ እየጠጣ የሚያድግ ነገር ነውና። በመጨረሻ ሣጥኑ ወደ ኢንኩቤተር ይገባል፤ ቴርሞስታቱም 29 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይደረጋል።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው። በዚህ ሙቀት ከ60 እስከ 75 ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አስጠግቶ ለሚያይ ሰው ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ያልተፀነሰው ይቢጫል፣ ይሟሽሻል፣ ይሻግታል። ጀማሪ ሻጋታ ሲያይ ይደነግጣል፤ ጤነኛ እንቁላል ግን ጎረቤቱ ቢሻግትም ብዙ ጊዜ ይተርፋል። መብራት ቢጠፋና ሣጥኑ ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል እንጂ ሁሉም ነገር አያበቃም። የሚገድለው ተቃራኒው ነው። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ሙቀቱ ወደ 40 ከተጠጋ የሁለት ወር ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀቀላል። ለዚህ ነው ነባር አርቢዎች ከቴርሞስታቱ ሌላ ለብቻው የቆመ ቴርሞሜትር የሚያስቀምጡት።

ቀኑ ሲቃረብ በእጥፍ ያህል ያበጠው እንቁላል ይረግባል፣ ላብ የመሰለ ውኃ ያወጣል። ከአፍንጫው ጫፍ በበቀለ ትንሽ ጥርስ ቆዳውን የሚሰነጥቀው የመጀመሪያው ግልገል ራሱን ብቻ አውጥቶ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጣል፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እስኪያስገባ ነው። አርቢው እንዳይጎትተው ይመከራል። ሌሎቹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከተሉታል። ሲወጡ ክብደታቸው 2 ወይም 3 ግራም ነው።

አሁን ሒሳቡ ይታይ። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ 20 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ወቅት ይህን ደጋግማ ታደርገዋለች፤ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ስለምታቆይ ለሁለተኛው ዙር የግድ ወንድ አያስፈልጋትም። ልጆቿ በሁለተኛ ዓመታቸው ራሳቸው ይጥላሉ። ከጥቂት ጥንዶች ተነስቶ ሺህ ለመድረስ ብዙ ዓመት አይፈጅም። በመጀመሪያ ውድና ብርቅ የነበረው እንስሳ በየከተማው የሚሸጥ ሆነ። አንድ ሰው ሲድኒ ድረስ በርሮ፣ በረሃ ገብቶ፣ እንስሳ ይዞ፣ 10 ዓመት እስራት አደጋ ላይ ጥሎ የሚያመጣውን ነገር ጎረቤቱ ከምድር ቤቱ በአሥር በአሥር እያወጣ ይሸጠዋል። ኮንትሮባንድ በሥነ ምግባር ስብከት አልቆመም። ኪሳራ ላይ ወደቀ።

ከዚሁ ከአውስትራሊያ የሚወጣው ሺንግልባክ የሚባለው እንሽላሊት ግን ሌላ ነው። ጭራው አጭርና ደብዳባ ስለሆነ ፊቱና ኋላው የሚምታታ እንስሳ ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ አራት ያህል ትላልቅ ልጆች። የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ቡል ለአሥርት ዓመታት ሲከታተላቸው ብዙዎቹ ጥንዶች በየዓመቱ በጸደይ ተፈላልገው እንደሚገናኙ አይቷል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ኢንኩቤተር አያበዛውም። ስለዚህ ዋጋው አልወረደም፣ በሩዝ ማብሰያ ውስጥ ተጠፍሮ የሚገኘውም በብዛት እርሱ ነው።

ይህ ልዩነት ለአፍሪካ ቀንድ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከሰሜን ኬንያ የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሊላንድ ጠረፍ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ይወሰዳሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ በረሃብና በበሽታ ይሞታሉ። የተረፉትና የተያዙት ሐርጌሳ አካባቢ በአንድ የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት መጠለያ ያድጋሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 ባወጣችው ሕግ የዱር አራዊትን በግል ቤት ማኖርን ከልክላለች። በዚህ ክርክር ውስጥ በየጊዜው የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ፦ «ፍላጎቱ ካለ ለምን በሕጋዊ መንገድ አርብቶ መሸጥ አይሆንም? በጺማሙ እንሽላሊት ሠርቷል አይደል?»

አቦሸማኔ ግን ጺማሙ እንሽላሊት አይደለም። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለአደን እጅግ ብዙ አቦሸማኔዎች ያኖር ነበር። አንዲት አቦሸማኔ በሰው እጅ ሳለች መውለዷን ልጁ ጃሃንጊር እንደ ብርቅ ነገር በማስታወሻው አስፍሯል። ከዚያ በኋላ አቦሸማኔ በሰው እጅ ሳለ ወለደ ተብሎ የተመዘገበው በ1956 በፊላደልፊያ የእንስሳት ማቆያ ነው። ዛሬ የሚያውቁ ማዕከሎች ያዋልዷቸዋል፤ ግን ሥራው ሰፊ ቦታና ብዙ ዕውቀት ይጠይቃል፣ ውጤቱም ጥቂት ነው። ግልገል ከእናቱ ነጥቆ በጀልባ መጫን ሁልጊዜ ይረክሳል። በዚህ ሁኔታ «እርባታ» የሚል ፈቃድ መስጠት ሌባው ላይ የንግድ ፈቃድ እንደ መለጠፍ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ በእንቁላል ጣይ እንስሳ እንኳ ታይቷል። ከኢንዶኔዥያ «በእርባታ የተፈለፈሉ» ተብለው የሚላኩትን አረንጓዴ ዘንዶዎች የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት ቢያንስ 80 በመቶው ከጫካ የተያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ዘንዶው እንቁላል ይጥላል፣ ይፈለፈላል፣ ነገር ግን ጫካው ከአርቢው በር ቅርብ ነው። ጫካ ገብቶ መያዝ ሁለት ወር ቴርሞስታት ከመጠበቅ ይረክሳል። ጀርመናዊው የጺማም እንሽላሊት አርቢ የታደለው በአንድ ነገር ነው፦ ጫካው ከእርሱ 15 ሺህ ኪሎሜትር ይርቃል፣ በመካከሉም ጥብቅ ድንበር አለ። ስለዚህ «ሕጉ ከንቱ ነበር፣ ገበያው ፈታው» ለሚሉት መልሱ፣ የድንበሩ ጥብቅነት ባይኖር እንቁላሉን የሚያስፈለፍል ሰው አይኖርም ነበር የሚል ነው። እገዳውና ኢንኩቤተሩ ሥራቸውን የሠሩት አብረው ነው።

ርካሽነቱም የራሱን ዕዳ አምጥቷል። ሃያ ግልገል በአንድ ሣጥን ሲጠጋጋ አንዱ የሌላውን ጣትና የጭራ ጫፍ ይነክሳል፤ ጭራው የተቆረጠ ጺማም እንሽላሊት መልሶ አያበቅለውም። ርካሽ ሆኖ የተገዛ እንስሳ ከዋጋው ብዙ እጥፍ የሚያስወጣ መብራትና ሙቀት ይፈልጋል፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ካጣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። በአውሮፓና በአሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች የሚጣሉት እነዚሁ ናቸው።

ገበያው ሲጠግብ ደግሞ አርቢዎች አዲስ መልክ ፍለጋ ገቡ። ቅርፊቱ የለሰለሰ ዘር ተገኘ። ሁለቱን እንዲህ ያሉ ቢያዳቅሏቸው ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ጭራሽ ቅርፊት አልባ ሆኖ ይወጣል። እንደ ሐር የለሰለሰ ነው፤ ግን ቆዳው በቀላሉ ይቀደዳል፣ በመብራት ይቃጠላል፣ ሲልጥ በጣቱ ዙሪያ ተጣብቆ ደሙን ያቆማል። ለመልክ ብሎ ይህን ማርባት ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም አይገኝለትም። ከዚሁ እንስሳ ትልቅ ዕውቀት መገኘቱ ግን የሚካድ አይደለም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ቅርፊት አልባነቱን ያመጣውን የዘረመል ለውጥ ፈልገው ሲያገኙ፣ በሰውና በአይጥ ላይ የፀጉርን እድገት የሚያዛባው ያው ዘረመል ሆኖ ተገኘ። የእንሽላሊት ቅርፊት፣ የወፍ ላባና የሰው ፀጉር ምንጫቸው አንድ እንደሆነ የሚያስረዳ ትልቅ ማስረጃ ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ያ 29 ዲግሪ ነው። ለምን ከዚያ ከፍ አይደረግም? ቶሎ ይፈለፈል ነበር። አንዱ ምክንያት ደካማ ግልገል መብዛቱ ነው። ሌላው ግን ፆታ ነው። የብዙ አዞዎችን ፆታ የሚወስነው የእንቁላሉ ሙቀት ብቻ ነው፤ ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ እንቁላል እየተሰበሰበ ሲፈለፈልበት የኖረው የአርባ ምንጭ የአዞ ጣቢያም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጺማሙ እንሽላሊት ግን እንደ ወፍ ክሮሞዞም አለው፦ ዜድ-ዜድ ወንድ ነው፣ ዜድ-ደብልዩ እንስት ናት። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በክሮሞዞም ወንድ የሆኑት ሽሎች እንስት እየሆኑ ይፈለፈላሉ። አርቢዎቹ አያዩትም፤ እንስት ናት ብለው ይሸጧታል፣ እርሷም ትወልዳለች።

የካንቤራ ዩኒቨርሲቲዋ ክሌር ሆሊሌይና ባልደረቦቿ ይህ በዱርም መኖሩን በ2015 አሳዩ። ከመረመሯቸው 131 የዱር እንሽላሊቶች 11ዱ እንዲህ ያሉ፣ በክሮሞዞም ወንድ በአካል እንስት ነበሩ። ከተራ እንስት የበለጠ እንቁላልም ይጥላሉ። ከወንድ ጋር ሲገናኙ ልጆቻቸው ሁሉ ዜድ-ዜድ ይሆናሉ፤ የእንስትነቱ ክሮሞዞም በአንድ ትውልድ ይጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ወንድና እንስትን የሚለየው ሙቀቱ ብቻ ይሆናል። ሀገሪቱ እየሞቀች ስትሄድ ምን እንደሚመጣ ማሰብ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን እንደ ተፈራው ቀጥ ብሎ አልሄደም። በኋላ ሰፋ ያለ ቦታ ሲፈተሽ እንዲህ ያሉት እንስቶች በጣም በሚሞቁት የመሃል አካባቢዎች በዝተው አልተገኙም።

የሐም ገበያ ብዛት ለዚህ ዋስትና አይሆንም። የቤቱ ዘር ከጥቂት አያቶች የመጣ፣ ለቀለም ተብሎ የተዳቀለ፣ በመካከሉ የሚዛመት አዴኖቫይረስ የሚባል በሽታ ያለበት ነው። ወደ በረሃው ልመልሰው ቢባል የሚፈቅድ ሰው የለም። የዱሩ ዕጣ ያለው የዱሯ እናት ጥፍር ላይ ነው። አፈሩ ጥቂት ሴንቲሜትር በጠለቀ ቁጥር ይቀዘቅዛል። እርሷም በጸደይ ቀደም ብላ ወይም ዘግይታ፣ በጥላ ወይም በፀሐይ፣ በጥልቀት ወይም ከላይ ቆፍራ ትጥላለች፣ በራሷ እየደለደለች ትደፍነዋለች፣ ትሄዳለች።